ካፒቴኑ መጀመሪያ ይመዘናል

ውድ ጋሼ፣

እንዴት ከረምክ? እማማ «ደህና ነው፤ ድምፁ ወፍሯል» ትለኛለች። ስታወሩ አጠገቧ ቁጭ እላለሁ። ድምፅህ ስልኩ ውስጥ ሲያጉረመርም ይሰማኛል እንጂ ቃሉ አይለይልኝም። ስልኩን አቀብዪኝ እንዳልላት አንተ ትዘጋዋለህ ብዬ እፈራለሁ። እማማን ደግሞ ታውቃታለህ። ጎረቤታችን ከጣሪያ ወድቆ፣ እግሩ ተሰብሮ በቃሬዛ ሲያስገቡት «ደህና ነው፣ ፊቱ ላይ ምንም የለም» ያለች ሴት ናት። ስለዚህ በእሷ ቃል ልቤ አልረጋም። ይኸው ስንት ክረምት መጥቶ ሄደ፣ አልረጋም።

ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ግን ሥራ ታዝዤ ነው። አየር መንገዳችን ከተዘጋ ወዲህ አቧራ ሲጠጣ የኖረው የተሳፋሪ ማስተናገጃ ቤት ታድሶ ጤና ጣቢያ ሊሆን ነው። ግድግዳው ተቀብቷል፤ ትኬት የምቆርጥባት መስኮት የካርድ ክፍል ሆናለች። ኃላፊዋ ወጣት ሐኪም ናት። ቤቴ ድረስ መጥታ፣ እዚህ ቤት ውስጥ ድሮ ምን እንደነበረ የሚናገር አንድ ገጽ ጽሑፍ መግቢያው ላይ መስቀል እንደምትፈልግ፣ ማንን ብትጠይቅ ደግሞ «እሷን ጠይቂ» እንዳሏት ነገረችኝ። ምን ችግር አለው ብዬ እሺ አልኩ። ጀመርኩት፤ ቀለል ብሎ ወጣልኝ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። ድርጅቱ ለምን ተዘጋ የሚለው ላይ። ያንን አንተን ሳልጠይቅ መጻፍ አልችልም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሬ ልንገርህ፤ ካጠፋሁ ታርመኛለህ፣ ካላጠፋሁም እስከ መጨረሻው ታነበኛለህ።

አጀማመሩን እንዲህ አልኩ። በዚያ ዘመን ወንዙ ሲሞላ መንገዱ ይቆረጥ ነበር። ማዶ ያሉት ከተሞች ክረምቱን ሙሉ ተቆልፎባቸው ይቀመጣሉ። መድኃኒት አይገባም፣ የፈተና ወረቀት አይገባም፣ ምጥ የጠናባት ሴት አትወጣም። ሁላችንም እትዬ የምንላት ነጋዴ የጭነት መኪኖቿ ጭቃ ውስጥ ሲሰምጡ ማየት አንገፈገፋትና ሁለት አሮጌ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች ገዛች። ሰው ሁሉ አበደች አላት። አንተም ከትልቁ አየር መንገድ የነበረህን ሥራ ጥለህ እሷ ዘንድ መጣህ፤ ያኔ ሰው ሁለታችሁም አበዳችሁ አለ። እማማም «ትልቁን ትቶ ትንሹን የሚመርጥ ልጅ ወልጄ» ብላ ስትነጫነጭ ከረመች። የመጀመሪያው ቀን ከቤታችን በላይ ዝቅ ብለህ ስታልፍ ግን ደጅ ወጥታ ለጎረቤቱ ሁሉ «የኔ ነው» ስትል ሰምቻታለሁ። ይህንን ግድግዳ ላይ አልጻፍኩትም፤ ለአንተ ብቻ ነው።

አውሮፕላኖቹን ታላቋ እና ታናሿ አልናቸው። ታናሿ ብዙም ሳትቆይ መሬት ላይ ቀረች፤ መካኒካችን ቡሎን እየፈታ እየፈታ ለታላቋ መለዋወጫ አደረጋት። ቡሎን ያልነው ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ ቡሎን ስለሚንቀጫቀጭ ነው፤ ሲመጣ ከሩቁ ይሰማል። በመጨረሻ ከታናሿ ደህና ሆኖ የቀረው አንድ ወንበር ብቻ ነበር። እሱንም የጋራዡ በር ላይ ተክሎ፣ ቀበቶውን አስሮ ምሳውን ይበላበት ነበር።

እኔን ያስገባኸኝ አንተ ነህ። አባባ ሲሞት ገና የወተት ጥርሴን ነቅዬ አልጨረስኩም ነበር። ያሳደግከኝ አንተ፣ ያስተማርከኝ አንተ፣ ስታመም አዝለህ ሐኪም ቤት የምትሮጠው አንተ። ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ፈትቼ ቤት ስዞር «ነይ፣ ሰው ትመዝኛለሽ» አልከኝ። የምታሾፍብኝ መስሎኝ ነበር።

ለጤና ጣቢያው ሰዎች ይህን ማስረዳት ነበረብኝ፤ ሐኪሟ ራሷ ስትሰማ ሳቀች። ትንሽ አውሮፕላን ሻንጣውን ብቻ ሳይሆን ሰውንም መዝነህ ነው የምታስቀምጠው። ከባዱ ወደ ፊት፣ ቀላሉ ወደ ኋላ። ያ ትልቁ ባስኩላ ሚዛን አዳራሹ መሃል ቆሞ እሱ ላይ ሳይወጣ የሚሳፈር አልነበረም። ስንቱን አየንበት! የሻንጣ ኪሎ እንዳይበዛባት ያላትን ቀሚስ ሁሉ ደርባ የመጣችው ሴት፣ እሷም እንደምትመዘን ስነግራት እንዴት እንዳየችኝ ታስታውሳለህ? አንዱ ባል ደግሞ እሱን ከፊት ሚስቱን ከኋላ ባስቀምጣቸው «ፍርድ ቤት ያላፋታንን አንቺ በኪሎ ልታፋቺን ነው?» አለኝ። ስትወርዱ አስታርቃችኋለሁ አልኩት። ሚስቱ እንኳ የተከፋች አትመስልም ነበር።

ያ የምታውቀው ሕጋችን የመጣው በአንድ ዳኛ ምክንያት ነው። ያ ጠና ያለ ሰው ባስኩላው ፊት ቆሞ «እኔ እመዝናለሁ እንጂ አልመዘንም» ብሎ ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ። ከኋላው ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀመረ፤ እኔ ላቤ ጠብ ጠብ አለ። አንተ ከቢሮ ወጣህ። ዳኛውን አልተቆጣህ፣ አላባበልክ። ኮፍያህን አወለቅክና አንተው ባስኩላው ላይ ወጣህ። «ካፒቴኑ መጀመሪያ ይመዘናል» አልክ፤ «አንብቢው።» ጮክ ብዬ አነበብኩት። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፤ ዳኛውም እየሳቀ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከየበረራው በፊት ይኸው ሆነ። የሌላውን ሰው ኪሎ በጆሮው እነግረዋለሁ፤ ያንተን ግን ለሁሉም። ተሳፋሪውም «ካፒቴን፣ ትናንት ምን በልተው ነው?» እያለ ይቀልዳል፤ የፈራው ሰው ፍርሃቱ ይለቀዋል። እኔን ኪሎ ያልከኝም ያን ቀን ነው፤ ስሜን የሚያስታውስ እስኪጠፋ ድረስ ኪሎ ሆኜ ቀረሁ።

በዚያ ሁሉ ዘመን ያመላለስነውን ጻፍኩ። ክትባቱን፣ የፈተናውን ወረቀት፣ መስታወቷን ጭኗ ላይ ይዛ የሄደችውን ሙሽራ፣ በሽተኞቹን። የአንድ ተሳፋሪ ጥፍር እንኳ አልተሰበረም ብዬ ጻፍኩ። 

ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ገና አልጻፍኩም፤ አንተም እኔም እንደምናውቀው ልበልልህ።

ሁለተኛው አብራሪያችን ትልቅ ድርጅት ጠርቶት ሄደ። ከዚያ ወዲያ አንተ ብቻ ቀረህ። አጠገብህ ያለው ወንበር ባዶ ነው፤ አንተን አንድ ነገር ቢያገኝህ መሪውን የሚይዝ የለም። እትዬ ሌላ አብራሪ ፍለጋ ያልረገጠችው ደጅ አልነበረም፤ በዚያ ደመወዝ፣ በዚያ ጭቃ ሜዳ ላይ የሚያርፍ ግን አልተገኘም። ክረምቱም ገባ።

የሰው ክብደት አንድ ቦታ አይረጋም፤ ይህን ከማንም ይበልጥ አውቃለሁ። ዝናብ የመታው ኮት ይጨምርበታል፣ ያልተበላ ቁርስ ይቀንስበታል። ያንተም እንደማንኛውም ሰው ከፍ ዝቅ ይል ነበር። በዚያ ክረምት ግን የባስኩላው መርፌ ረጋ። ጠዋት ጠዋት እዚያችው ጭረት ላይ ይቆማል። ዓይኔ ግን ሌላ ነገር ያያል። አንገትህ በሸሚዝህ ኮሌታ ውስጥ እየሳሳ ሄደ። ቀበቶህ ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በስተህበታል። ቤት ስትመጣ እማማ ያቀረበችልህን ሳህኑ ላይ ታንቀሳቅሰዋለህ እንጂ አትጎርስም። ሰውየው እያለቀ ኪሎው እንዴት አያልቅም?

አንድ ቀን ቡሎን እየተነጫነጨ መጣ። አውሮፕላኗ ባዶዋን ስትበር ጭራዋ ላይ የሚያስቀምጣቸው ጠፍጣፋ የማመጣጠኛ ብረቶች አንድ በአንድ እየጠፉበት ነው። «ሌባ ቢሆን ራዲዮኑን ይወስድ ነበር፤ ይኼን ምን ያደርገዋል?» አለኝ። እኔ እዚያው ክው ብዬ ቀረሁ።

ጋሼ፣ አንተ ነገር ሁሉ ልክ ካልሆነ አይሆንልህም። ያጋለጠህም እሱ ነው። ትንሽ ብትሳሳት ኖሮ፣ አንድ ቀን ዝቅ አንድ ቀን ከፍ ብትል ኖሮ አላውቅብህም ነበር። አስቤው አስቤው የገባኝ ሌላም ነገር አለ። ብረቱን ልብስህ ውስጥ ደብቀህ ስለምትገባ የአውሮፕላኗ ሒሳብ ልክ ነው። አውሮፕላኗን አላታለልክም፤ ያታለልከው እኔን ብቻ ነው። ይህ ሲገባኝ ሳቄ ነው የመጣው፤ ከዚያ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ያንኑ ቀን አመሻሽ ላይ እማማ ቤት መጣሁብህ። ታክሜያለሁ አላልክም፣ ደህና ነኝም አላልክም፤ አንተ መዋሸት አትችልበትም። ክረምቱ ይውጣና እታከማለሁ፣ አሁን ብቀር ማዶ ያለውን ሰው ማን ይደርስለታል አልከኝ። ለመንኩህ። እማማ እንዳትሰማ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ለመንኩህ። ነገሩን ዝጊው ብለህ ልትወጣ ስትነሣ የበሩን መቃን ያዝክ፤ ዓይንህን ጨፍነህ ትንሽ ቆምክ። ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሰው ሆነህ ወጣህ። እኔ ያንን መቃን እያየሁ ቀረሁ። ነገ ሰማይ ላይ ሲሆን ምን ይይዛል አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት አዳራሹ ሙሉ ነበር። ወደ ማዶ የምትመለሰው ነፍሰ ጡር መምህርት፣ የክትባት ሣጥን የያዘው ነርስ፣ ማዶ ለታመመች እናቱ መድኃኒት ይዞ የሚመለሰው ልብስ ሰፊ፣ ሌሎችም። አንተ ከቢሮ ወጣህ። ኮፍያህን አውልቀህ ሰላምታ ሰጠህና ባስኩላው ላይ ቆምክ። መርፌው ሄደ፣ ሄደና እዚያችው ጭረት ላይ ቁጭ አለ። ሰው የለመደውን ቀልድ ይጠብቃል። እኔ አላነበብኩም።

«ካፒቴን፣ ጫማዎን ያውልቁ» አልኩህ።

ፈገግታህ ሳይጠፋ ወደ እኔ ጎንበስ አልክ። «ኪሎ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።»

«እኔም እየጠበቅኩ ነው።»

ዓይን ለዓይን ተያየን። ስታሳድገኝ አንድ ቀን እጅህን አንስተህብኝ አታውቅም፤ ያን ጊዜ ግን በዓይንህ መታኸኝ። ከባስኩላው ወረድክ። የተሳፋሪዎቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥክና የጫማህን ክር ፈታህ። ከአንዱ ጫማ ጠፍጣፋ ብረት አወጣህ፣ ከሌላውም። ከኮትህ ገበር፣ ከሱሪህ ኪስ። አንድ በአንድ ወለሉ ላይ ስታስቀምጣቸው አዳራሹ ውስጥ ከብረቱ በቀር ድምፅ አልነበረም። ቡሎን በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ብረቶቹን አወቃቸውና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በካልሲህ ተመልሰህ ወጣህ። መርፌው የት ድረስ እንደወረደ ሁለታችንም እናውቃለን። 

«አንብቢው» አልከኝ።

አነበብኩት። እንደ ሁልጊዜው ጮክ ብዬ። ማንም አልሳቀም። መምህርቷ አፏን በእጇ ሸፈነች። አንተ ኮፍያህን ደፍተህ ወደ ተሳፋሪዎቹ ዞርክ፤ ዛሬ በረራ እንደሌለ፣ ክትባቱ ወንዙ ጎደል ሲል በጀልባ እንዲሻገር እንደምታደርግ ነገርካቸው፤ ይቅርታም ጠየቅካቸው። ያንን ሁሉ ስትናገር በካልሲህ ነበርክ። ከዚያ ጫማህን በእጅህ ይዘህ ስትወጣ አጠገቤ ቆም አልክና ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ተናገርክ።

«ዛሬ የመዘንሽው እኔን አይደለም፤ ድርጅቱን ነው።»

ካንተ አፍ የሰማሁት የመጨረሻ ነገር እሱ ነው።

እውነትህን ነበር። ታላቋ ከዚያ ቀን በኋላ ከመሬት አልተነሣችም። አብራሪ ሳይገኝ ክረምቱ አለቀ፣ ፈቃዱ ተሰረዘ፣ በሩ ተዘጋ። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላምታውን ይቆጥብ ጀመር። በዚያ ክረምት ማዶ ያለው ሰው ምን እንዳየ እኔም ሰምቻለሁ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አላልኩም። ልብስ ሰፊው እናቱ ስትሞት አልደረሰላትም። በዚህ ከልቤ አዝናለሁ። ታዲያ ዓይኔን በጨው አጥቤ ልንገርህ፣ ነገም ያ ጠዋት ተመልሶ ቢመጣ ጫማህን አስወልቅሃለሁ። ይቅርታ ልጠይቅህ አይደለም የምጽፈው። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጠብቀህ ከሆነ አላገኘኸውም።

እትዬ በሩ ከመዘጋቱ በፊት አንድ ጊዜ መጥታ ነበር። ባስኩላውን ዞር ዞር ብላ አየችው። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ንብረቷ ነው፣ ዕድሜዋ ነው የፈሰሰበት። «ልጄ፣ አውሮፕላን ይገዛል» አለችኝ።  ቡሎን ደግሞ ወንበሩን ነቅሎ ወደ ቤቱ ሲወስድ እያለቀሰ ነበር፤ ቀበቶው መሬት ለመሬት እየተጎተተ።

አንተ ሆስፒታል ተኝተህ ሳለ ሐኪምህ ለእማማ የነገራትን ታውቀው እንደሆነ አላውቅም። እሷ ክፉ ወሬ አታወራም፣ ስለዚህ እኔ ልንገርህ። ክረምቱ እስኪወጣ ጠብቆ ቢሆን ኖሮ ቢላዋም አያድነውም ነበር ብሏታል። ከሆስፒታል ወጥተህ ወደዚያ ሩቅ ከተማ ስትሄድ እማማን ስመህ፣ እኔ ማጀት ውስጥ ቆሜ እየሰማሁህ ሄድክ። ከዚያ ወዲህ ሆድና ጀርባ ሆነን ቀረን። ወጣት አብራሪዎችን ክፍል ውስጥ ታስተምራለህ አሉ። ታድለዋል። እኔ ግን ቤት ውስጥ የምትቀመጥበት ወንበር ላይ ሰው ሲቀመጥ እስከ ዛሬ ሆዴ ይባባል። ናፍቀኸኛል፣ ጋሼ። ተናድጄብህም፣ ናፍቀኸኛል።

አሁን ወደ ግድግዳው ልመለስ። ሐኪሟ ሰው ሁሉ «የወንዙ ድልድይ ተሠርቶ ነው የተዘጋው» ይላል አለችኝ። ባዶው ቦታ ላይ እሱን ብጽፍ የሚከራከረኝ የለም፤ አንተም ትከበራለህ፣ እኔም እፎይ እላለሁ። ግን ድልድዩ የመጣው እኛ ከተዘጋን በኋላ ነው። ሰው ሁሉ ኪሎውን ሳይደብቅ በቆመበት አዳራሽ ውስጥ ውሸት መስቀል እጄ አልታዘዘኝም። ስለዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቻለሁ። «ድርጅቱ ሥራ ያቆመው አብራሪው ታሞ ስለነበር ነው። አብራሪው ድኗል።» በቃ፣ ይኸው ነው።

ለመጀመሪያው ፈቃድህን እፈልጋለሁ። በእማማ በኩል እሺ ወይም እምቢ በል፤ እምቢ ካልክ ቦታውን ባዶ እተወዋለሁ እንጂ ድልድዩን አልጽፍም።

ሁለተኛው ነው ያስቸገረኝ። ባስኩላው አልተጣለም። ለልጆቹም ለአዋቂውም ይሆናል ብዬ ሐኪሟን ለምኜ ኮሪደሩ ላይ አስቀርቼዋለሁ። ቡሎን ዝገቱን ጠርጎ ዘይት ቀብቶታል፣ መርፌው እንደ ድሮው ይሄዳል። ጤና ጣቢያው ክረምት ሳይገባ ይከፈታል። ቀኑን እማማ ትነግርሃለች፤ ያን ቀን ሰው ሳይበዛ ጠዋት ላይ እዚያ ቆሜ እጠብቅሃለሁ።

ያን ጠዋት ላልከኝ ነገር መልስ ሳልሰጥህ ነው የሄድከው። አሁን ልመልስልህ። አዎ፣ ድርጅቱን መዝኜዋለሁ። ሁለታችሁንም ጎን ለጎን መዝኛችኋለሁ። አንተ በለጥክብኝ።

ስለዚህ ና። ኪስህን አራግፍ፣ ጫማህን አውልቅ፣ ውጣበት። የእማማ ስልክ ለእማማ ይበቃታል። እኔ «አብራሪው ድኗል» የሚለውን ሳልመዝን አልጽፍም።

እህትህ፣
ኪሎ